ድምፁን ያልሰጠ ሰው ምን በደለ?

በ1996 በአሜሪካ በተካሄደው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ፣ ዕድሜያቸው ለመምረጥ ከደረሰው የአገሪቱ ነዋሪዎች መካከል ድምፃቸውን የሰጡት ከግማሽ በታች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገንዘቡልን።) እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ድርሻ ከ1924 ወዲህ አልታየም ነበር። በ2020 ደግሞ ነገሩ ተገላብጦ፣ የመምረጥ መብት ካላቸው ሰዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መረጡ፤ ይህም ከ1900 ወዲህ ከፍተኛው ነው። በ2024 ጥቂት ዝቅ ብሎ 64 በመቶ ገደማ ሆነ። ይሁን እንጂ ከፍተኛ የሚባለው ይህ ቁጥር እንኳ በሌላው ገጹ ሲታይ፣ መብቱ እያላቸው ያልመረጡት ከ85 ሚሊዮን በላይ ነበሩ ማለት ነው። አሸናፊው ያገኘው ድምፅ 77 ሚሊዮን ያህል ስለ ነበር፣ ከሁለቱ ታላላቅ ዕጩዎች ከማናቸውም ይልቅ ብዙ ተከታይ ያገኘው ዝምታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ቁጥር በየአራት ዓመቱ ይተነተናል፤ ማን እንደ ተጠቀመበት፣ ማንስ እንደ ተጎዳበት ይሰላል። እኛ በዚህ ገጽ ልናነሣው የወደድነው ግን ከስሌቱ በስተ ኋላ ያለውን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። መምረጥ ሲችል ያልመረጠ ሰው በደል ፈጽሟልን? ፈጽሞ ከሆነስ የበደለው ማንን ነው? ጥያቄው ከእኛ የራቀ አይደለም። ከምእመናኖቻችን መካከል በዋሺንግተን፣ በሚኒሶታ ወይም በካሊፎርኒያ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ያላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ከእነዚያም የዚያን አገር ዜግነት የተቀበሉ አሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ስለ ዜጋ ግዴታ ባስተማሩ ቁጥር ይኸው ጥያቄ መልኩን እየለወጠ ይቀርብላቸዋል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ረገድ ግልጽ ይመስላል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 «ደስታና ተስፋ» በተባለው ሰነዱ፣ ዜጎች ድምፃቸውን በነጻነት ለጋራ ጥቅም የማዋል መብት እንዳላቸው፣ ግዴታም እንዳለባቸው አሳስቧል። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ደግሞ በቁጥር 2240 የመምረጥን መብት መጠቀምን ከግብር መክፈልና አገርን ከመከላከል ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ የግብረ ገብ ግዴታ መሆኑን ያስተምራል። እንግዲህ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ግብር ሊከፍል የሄደን ሰው ከበር የመለሰ መንግሥት አናውቅም፤ ሊመርጥ የሄደውን ግን የመለሱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ስለ ግዴታ ከመናገራችን በፊት የአሜሪካ የምርጫ ታሪክ የሚያሳየንን መመልከት ይገባናል።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር ብቻ ተናግረን እንለፍ። የመራጮች ድርሻ የሚሰላው በምን ላይ ተመሥርቶ ነው? ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ነዋሪ ሁሉ ከተቈጠረ፣ ዜግነት የሌላቸው ስደተኞችና በወንጀል ተፈርዶባቸው መብታቸውን የተገፈፉ ሰዎችም እንደ ቸልተኛ መራጮች ይቈጠራሉ። ማይክል ማክዶናልድና ሳሙኤል ፖፕኪን የተባሉ ምሁራን በ2001 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከ1972 በኋላ ታየ የተባለው የመራጮች መመናመን በአብዛኛው የዚህ አቈጣጠር ውጤት ነው። መብት ያላቸው ብቻ ሲቈጠሩ የ1996ቱም ድርሻ ከግማሽ ጥቂት ከፍ ይላል። ሳይፈቀድለት የቀረውን ከቸልተኛው ጋር ደምሮ መውቀስ ፍርድ ማዛባት ስለ ሆነ፣ ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። በ2024 በወንጀል ፍርድ ምክንያት መምረጥ የማይችሉት ሰዎች ብቻ አራት ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ተገምቷል።

በአሜሪካ ታሪክ ከፍተኛው የመራጮች ድርሻ የተመዘገበው በ1876 ሲሆን 82 በመቶ ያህል ይደርሳል። ያን ዘመን እያነሡ የዛሬውን ትውልድ የሚወቅሱ አሉ። ነገር ግን ከመቶ 82 የተባለው ከየትኛው መቶ ነው? ሴቶች በዚያ መቶ ውስጥ አልነበሩም፤ የእነርሱ መብት በሕገ መንግሥቱ የጸናው በ1920 ነው። የምድሪቱ ቀደምት ሕዝቦች በጠቅላላው ዜጎች ተብለው የታወቁት በ1924 ነው። ጥቁር ወንዶች በ1870 መብቱን ቢያገኙም፣ በ1877 የፌዴራሉ ጦር ከደቡብ ሲወጣ የየግዛቱ መንግሥታት መልሰው ይነጥቋቸው ጀመር። ማኅበሩን ካጠበቡት በኋላ ሁሉም ተገኝቷል ማለት ቀላል ነው።

ንጥቂያው እንዴት እንደ ተፈጸመ ለማየት ሚሲሲፒን እንውሰድ። በ1890 የወጣው የዚያ ግዛት ሕገ መንግሥት ጥቁሮች አይመርጡም ብሎ አልጻፈም፤ እንዲህ ብሎ መጻፍ ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጋር ያጋጨው ነበርና። የጻፈው ሌላ ነው፤ መራጭ ሁለት ዶላር ግብር ይክፈል፣ ከግዛቱ ሕገ መንግሥትም አንድ ክፍል ያንብብ ወይም ሲነበብለት ይተርጕም አለ። ትርጓሜው ትክክል መሆኑን የሚፈርደው መዝጋቢው ነበር። እንደዚህ ባለ ሕግ ውስጥ በደሉ በቃላቱ ላይ አይታይም፤ የሚታየው በመዝገቡ ላይ ነው። በ1964 በሚሲሲፒ ለአካለ መጠን ከደረሱት ጥቁሮች መካከል በመራጭነት የተመዘገቡት ከመቶ ሰባት አይሞሉም ነበር።

ነሐሴ 31 ቀን 1962 አሥራ ስምንት ጥቁር አሜሪካውያን ኢንዲያኖላ ወደምትባል ከተማ ለመመዝገብ በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ተጓዙ። ከእነርሱ አንዷ ፋኒ ሉ ሄመር ነበረች፤ ለወላጆቿ ሃያኛ ልጅ፣ ከልጅነቷ ጀምራ ጥጥ ለቃሚ የነበረች፣ በትምህርት ቤትም ጥቂት ዓመታት ብቻ የቈየች። መዝጋቢው ከሕገ መንግሥቱ አንድ ክፍል ገልብጣ እንድትተረጕም ሰጣት፤ አልተሳካላትም። በመመለሻቸው ላይ ፖሊስ አውቶቡሱን አስቁሞ ሾፌሩን ከሰሰው፤ ጥፋቱ የአውቶቡሱ ቀለም እጅግ ቢጫ ሆኖ የተማሪ ቤት አውቶቡስ መምሰሉ ነበር። ማታ ቤቷ ስትደርስ ለአሥራ ስምንት ዓመት የሠራችበት እርሻ ባለቤት የምዝገባ ማመልከቻዋን እንድትሰርዝ፣ አለዚያም እንድትወጣ ነገራት፤ በዚያው ሌሊት ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት ጥር ወር ተመልሳ ተፈትና አለፈች። በዚያው ዓመት በሰኔ ዊኖና በተባለች ከተማ ታስራ ክፉኛ ተደበደበች፤ የድብደባውም ጉዳት እስከ ዕለተ ሞቷ አልለቀቃትም። ከተመዘገበችም በኋላ የግብር ደረሰኝ የለሽም ተብላ ሳትመርጥ የቀረችበት ጊዜ ነበር። በነሐሴ 1964 በአትላንቲክ ሲቲ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ላይ ይህንኑ በቴሌቪዥን ፊት መሰከረች።

በ1964 ለፌዴራል ምርጫ የሚከፈለው ግብር በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቀረ። በ1965 በሰልማ የደም መፋሰስ ከተፈጸመ በኋላ የመምረጥ መብት ሕግ ወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሚሲሲፒ የተመዘገቡት ጥቁሮች ከመቶ ስድሳ ያህል ደረሱ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ከ1965 በፊት ስለ ሚሲሲፒ ጥቁሮች «ምርጫ አይወዱም» ብሎ የጻፈ ሰው ቢኖር፣ የጻፈው ሐሰት ነበር። በእርግጥ ሕጉ ዛሬ በዚያው ጕልበቱ አይገኝም፤ በ2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዋና ዋና ክፍሎቹ አንዱን እንዳይሠራ አድርጎታል።

እንዲህ ያለውን ታሪክ የሰማ ሰው ወዲያው የሚደርስበት መደምደሚያ አለ። ሰዎች ለዚህ መብት ተደብድበዋል፣ ሞተዋልም፤ ስለዚህ ዛሬ ቤቱ ተቀምጦ የሚውል የእነርሱን ደም ይንቃል የሚል ነው። ይህን አነጋገር በአሜሪካ ስብከቶችና ንግግሮች ውስጥ ደጋግመን እንሰማዋለን፤ ልብንም ይነካል። ሆኖም በጥንቃቄ ሲመረመር የሚያረጋግጠው መብቱ ክቡር መሆኑን እንጂ ሁልጊዜ መጠቀም ግዴታ መሆኑን አይደለም። ሰዎች ስለ ማኅበር ነጻነት ሞተዋል፤ ይሁንና ማኅበር ያልገባ ሰው በዳይ አይባልም።

በዚህ ላይ ለካቶሊካውያን ልዩ ትኩረት የሚገባት አንዲት ሴት አለች። ዶሮቲ ዴይ በኅዳር 1917 የሴቶችን የመምረጥ መብት ለመጠየቅ በዋይት ሐውስ ፊት ከተሰለፉት ጋር ተይዛ ታሰረች፤ በእስር ቤትም ከባልንጀሮቿ ጋር የረሃብ አድማ አደረገች። በ1920 መብቱ ተገኘ። እርሷ ግን በ1980 እስካረፈችበት ቀን ድረስ አንድም ጊዜ አልመረጠችም። በ1927 ካቶሊክ ሆነች፤ በ1933 ከፒተር ሞሪን ጋር የካቶሊክ ሠራተኞችን ንቅናቄ መሠረተች፤ ዕድሜዋን በሙሉ የተራቡትን ስትመግብ፣ ቤት የሌላቸውን ስታስጠጋ ኖረች። የመንግሥትን ኃይል፣ ይልቁንም ጦርነቱን፣ በኅሊናዋ መቀበል ስላልቻለች ራሷን ከዚያ አራቀች። ከ2000 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የቅድስና ጉዳይዋን እየመረመረች ነው፤ የእግዚአብሔር አገልጋይ ተብላም ትጠራለች። ለጋራ ጥቅም ከእርሷ ይልቅ የሠራ ስንት መራጭ አለ?

ብቻዋንም አይደለችም። ታላቁ ጥቁር ምሁር ዱ ቦይስ በ1956፣ በ88 ዓመታቸው፣ እንደማይመርጡ ምክንያታቸውን ዘርዝረው በጋዜጣ ጻፉ፤ ሁለቱ ፓርቲዎች በጦርነትም በዘርም ጉዳይ እውነተኛ ልዩነት የላቸውም ብለው ያምኑ ነበርና። በ2025 ያረፉት ካቶሊካዊው ፈላስፋ አላስደር ማክንታየርም በ2004 ምርጫ ዋዜማ፣ ሁለት የማይታገሡ ነገሮች ሲቀርቡ ሁለቱንም አለመምረጥ ራሱ አንድ ዓይነት ምርጫ ነው በማለት ተከራክረዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ በራሷ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ጣልያን አንድ መንግሥት ሆና ጳጳሳዊ ግዛቶችን በወሰደች ጊዜ፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ ዘመን የጣልያን ካቶሊካውያን በአገሪቱ የምክር ቤት ምርጫ እንዳይሳተፉ ታዘዙ። ይህ ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየላላ ሄዶ ፈጽሞ የተነሣው በ1919 በቤኔዲክቶስ 15ኛ ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1948፣ ፒዮስ 12ኛ ለሮም ካህናት ሲናገሩ በስንፍና ወይም በፍርሃት ከምርጫ የሚቀር ሰው ከባድ ኃጢአት ይሠራል አሉ። አያቱ በመታዘዝ ቤት ሲቀር፣ የልጅ ልጁ ደግሞ በመታዘዝ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደ። ይህን ያነሣነው ለመንቀፍ አይደለም፤ መምረጥ እንደ ጸሎት በማናቸውም ጊዜና ቦታ ያው የሆነ ግዴታ አለመሆኑን፣ ከፊት ለፊቱ ካለው ሁኔታ ጋር የሚመዘን መሆኑን ለማሳየት ነው። የአሜሪካ ብፁዓን ጳጳሳትም በ2007 ባወጡት መምሪያ፣ ዕጩዎቹ ሁሉ በመሠረቱ ክፉ የሆነን ነገር በሚደግፉበት ጊዜ ለማናቸውም ድምፅ አለመስጠትን እንደሚቻል እርምጃ አስቀምጠውታል፤ ነገር ግን ያልተለመደ እርምጃ ብለውታል።

«ያልተለመደ» የሚለው ቃል ሊጤን ይገባል። ዶሮቲ ዴይ ከምርጫ ስትቀር ምክንያቷ የታወቀ ነበር፤ ዋጋውንም በሌላ መንገድ በየቀኑ ትከፍል ነበር። በ2016 ምርጫ ተመዝግበው ካልመረጡት ሰዎች ሩብ ያህሉ ለሕዝብ ቈጠራው መሥሪያ ቤት ዕጩዎቹን ወይም የምርጫ ክርክራቸውን አልወደድንም ብለው መልሰዋል። ከእነርሱ መካከል ስንቶቹ እንደ እርሷ በኅሊና ተጨንቀው፣ ስንቶቹ ደግሞ ተሰላችተው ብቻ እንደ ቀሩ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። አለመምረጥ ምስክርነት የሚሆነው ከእርሱ ጋር ሌላ ሥራ ሲኖር ይመስለናል። ያለዚያ ከሩቅ ለሚያየው ዝም ያለው ሁሉ አንድ ነው፤ የሣጥኑ ቈጣሪም ተቃውሞን ከእንቅልፍ አይለይም።

አሁን ወደ ሌላው ሰው እንምጣ፤ እርሱም የተከለከለም የተቃወመም ያይደለ፣ ነገር ግን «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» የሚለው ነው። ይህን ሰው ሰነፍ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ሒሳቡ ስሕተት ነው ለማለት አንደፍርም። አንቶኒ ዳውንስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁር በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ሒሳብ በዝርዝር አስቀምጠውታል። አንድ ድምፅ ውጤቱን የመለወጥ ዕድሉ ኢምንት ስለ ሆነ፣ የራሱን ጥቅም ብቻ የሚያሰላ ሰው ተሰልፎ የሚያጠፋውን ሰዓት እንኳ አይመልስለትም። የአሜሪካ ሥርዓት ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት 538 ወኪል መራጮች ናቸው፤ በአብዛኞቹ ግዛቶችም በአንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉንም ወኪሎች ይወስዳል። በካሊፎርኒያ ወይም በዋዮሚንግ የሚኖር ሰው ግዛቱ ወደ የት እንደሚያጋድል አስቀድሞ ያውቃል። በ2000 እና በ2016 በመላ አገሪቱ ብዙ ድምፅ ያገኘው ዕጩ መሸነፉም አይዘነጋም።

ለዚህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ፍሎሪዳ ነው። በ2000 በዚያ ግዛት ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰው መርጦ፣ የፕሬዚዳንትነቱ ዕጣ የተቈረጠው በ537 ድምፅ ልዩነት ነው። በ2020ም በአሪዞና፣ በጆርጂያና በዊስኮንሲን የነበረው ልዩነት ሁሉ ተደምሮ 43,000 አይሞላም። መልሱ ያስደንቃል፤ ጥያቄውን ግን አይፈታም። 537 አንድ አይደለምና። በፍሎሪዳ ከመረጡት መካከል አንዱ ያን ቀን ታሞ ቢቀር ኖሮ ያው ሰው ፕሬዚዳንት ይሆን ነበር። ግዴታውን «አንተ ትወስናለህ» በሚል ተስፋ ላይ የሚያቆም ሰው፣ ውሎ አድሮ ሒሳብ በሚያውቅ ወጣት ይረታል።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ከሃምሳው አንዱ ሎሚውን ቢጥል ሸክሙ ለሌሎቹ አይከብድም፤ ማንም አያውቅበትም። ይሁንና ሎሚውን የጣለው ሰው ከተሸከሙት ጋር አብሮ ተሸክሜአለሁ ሊል አይችልም። ግብርም እንዲሁ ነው። የአንድ ድሃ ግብር ከመንግሥት ካዝና ቢጐድል መንገድ ሳይሠራ አይቀርም፤ ስለዚህ አልከፍልም የሚለውን ግን ማንም ትክክል ነህ አይለውም። ግዴታው የሚመነጨው ውጤቱ በእጁ ከመሆኑ ሳይሆን፣ ነገሩ የእርሱም ከመሆኑ ነው።

በእንግሊዝኛ ለምርጫ የሚነገረው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ ስእለት ወይም ምኞት ማለት ነው። የእኛ ቋንቋ ግን ድምፅ ይለዋል፤ ለዚህ ጥያቄ የእኛው የተሻለ ይመስለናል። በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡ ተሰጥኦውን ሲመልስ የአንዱ ሰው ድምፅ ለብቻው አይሰማም፤ እርሱ ዝም ቢል ዜማው አይጐድልም። ሆኖም ሌሎች ይመልሱልኛል ብሎ ዝም ያለ ሰው ቅዳሴውን ሰምቶ ይሆናል እንጂ አልመለሰም። ምሳሌው እስከ መጨረሻው እንደማያስኬድ እናውቃለን፤ የቅዳሴውን አሜን የሚሰማው አምላክ እያንዳንዱን ለይቶ ይሰማል፣ የድምፅ መስጫ ሣጥን ግን ይህ ችሎታ የለውም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ያልመረጠ ሰው በደለ ከተባለ የበደለው ማንን ነው? የመረጡትን አልበደለም። እንዲያውም እርሱ ሲቀር የእነርሱ ድምፅ ክብደቱ ይጨምራል፤ ድርሻውን ለእነርሱ አሳልፎ ሰጣቸው እንጂ ምንም አልወሰደባቸውም። ለማን እንዳሳለፈው ስንጠይቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2020 ምርጫ ከ18 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ዜጎች የመረጡት ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ፣ ከ65 እስከ 74 ዓመት ከሆናቸው ግን ሦስት አራተኛ ያህሉ መርጠዋል። ባለጸጎች ከድሆች፣ ብዙ የተማሩ ጥቂት ከተማሩ ይልቅ ይመርጣሉ፤ ይህ በየምርጫው የሚታይ ነው። ለሥልጣን የሚወዳደር ሰው የሚሰማው የሚመርጡትን ነው። ስለዚህ በሁለት ፈረቃ የምትሠራ አንዲት የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ከምርጫ ስትቀር ድርሻዋን የምታስተላልፈው ከእርሷ ኑሮ እጅግ ለራቁ ሰዎች ነው፤ ጉዳቱም የሚደርሰው በእርሷ ብቻ ሳይሆን እንደ እርሷ በሚኖሩት ሁሉ ላይ ነው። በደል ካለ በመሰሎቿ ላይ የተፈጸመ በደል ነው።

ነገር ግን ይህቺን ሴት ለመውቀስ ከመቸኰል በፊት የምርጫው ቀን ለምን ማክሰኞ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1845 በወጣ ሕግ ነው የተወሰነው፤ በዚያ ዘመን ገበሬው እሑድ ሰንበትን አክብሮ፣ ሰኞ በጋሪ ተጕዞ፣ ማክሰኞ መርጦ ለረቡዕ ገበያ እንዲደርስ ታስቦ። ጋሪው ቀርቷል፣ ማክሰኞ ግን የሥራ ቀን ሆኖ ቀርቷል። አሁን በብዙ ግዛቶች አስቀድሞ ወይም በፖስታ መምረጥ ይቻላል፤ በሌሎች ግን ምዝገባው ከሳምንታት በፊት ስለሚዘጋ፣ ቤት የቀየረ ተከራይ መብቱን ሳያውቅ ያጣዋል። የምርጫ ሥርዓት ለውጥ ምን ያህል እንደሚያመጣ በ2020 ታይቷል፤ በምርጫው ቀን መመዝገብን ከ1970ዎቹ ጀምሮ የምትፈቅደው ሚኒሶታ ከመቶ 80 ያህል መራጭ አስወጣች። ይህን ያህል ልዩነት በሥርዓት ከመጣ፣ ጕድለቱን ሁሉ በግለሰቡ ኅሊና ላይ መጫን ከእውነት የራቀ ነው። ሕግ አውጪዎቹም ኅሊና አላቸውና።

አውስትራሊያ ሌላ መንገድ መርጣለች። በ1922 ከመቶ 60 የማይሞላ ሰው ስለ መረጠ በ1924 መምረጥን በሕግ ግዴታ አደረገችው፤ በ1925 ቁጥሩ ከ90 በመቶ በላይ ወጣ። ያለ ምክንያት የቀረ አነስተኛ መቀጫ ይከፍላል። ሣጥኑን ይሞላዋል፤ ነገር ግን እንደ ዶሮቲ ዴይ ያለችውን ሰው ከተሰላቸው ጋር እኩል ይቀጣል፤ ስለዚህ ከሁለቱ የአሜሪካው ነጻነት ይሻላል እንላለን፣ የአሜሪካ ድሆች በዚህ ነጻነት እንደሚጐዱ ብናውቅም እንኳ። በዚህ የማይስማሙን አንባብያን እንደሚኖሩ እንገምታለን፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም።

የአሜሪካን ዜግነት ለመቀበል የሚዘጋጁ ወገኖቻችን ያጠኑት የነበረው የ2008ቱ የፈተና መጽሐፍ አንድ የሚያስገርም ነገር ነበረው። ለዜጎች ብቻ ከተሰጡት ኃላፊነቶች አንዱን ጥቀስ ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ነው። ቀጥሎ ለዜጎች ብቻ የተሰጠ አንድ መብት ጥቀስ ይላል፤ መልሱ አሁንም በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ተከታትለው ያጠኑ ሰዎች፣ ፈላስፎች የሚከራከሩበትን ነገር ሳያውቁት በቃላቸው ይዘውት ነበር። በዋሺንግተን ዲሲ የምርጫ መረጃ በአማርኛም ይቀርባል፤ የዚያች ከተማ ነዋሪዎች ራሳቸው ለፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት ያገኙት በ1961 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ስለዚህ ግዴታ ሲያስተምር «መርጠሃል?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ጎረቤትህ መምረጥ ይችላልን ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ መስሎ ይታየናል። ለዚህም ከሚኒሶታ ሕግ አንድ ነገር መጥቀስ ይቻላል። በዚያ ግዛት በምርጫው ቀን ሊመዘገብ የመጣ ሰው አድራሻውን የሚያሳይ ወረቀት ባይኖረው፣ በዚያው የምርጫ ጣቢያ የተመዘገበ ጎረቤቱ አብሮት ሄዶ፣ ይህ ሰው እዚህ ሰፈር እንደሚኖር አውቃለሁ ብሎ በመሐላ ይፈርምለታል። አንድ ሰው እንዲህ ሊመሰክር የሚችለው እስከ ስምንት ለሚደርሱ ጎረቤቶቹ ነው።